ቆጣሪው የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ጎንደር ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ... አባቴ አዲ አርቃይ ላይ አርፏል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በእኛ አገር ሬሳ አያድርም፤ ካልደረስኩ አልደረስኩም ነው።

እንዴት እንደለበስኩ አላውቅም። ጎረቤቴ አያ ፈንቴ ፒካፕ አላቸው። መርዶውን ሲሰሙ ሥራቸውን ጥለው «ግቢ ልጄ» አሉኝ።

ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ዳሽቦርዱ ላይ አቆምኩት። ምን ያህል ቀረን ከማለት ሌላ ሐሳብ የለኝም።

«አያ ፈንቴ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ... በእግዚአብሔር።»

«የፍጥነት ቆጣሪውን እያየሁ ነው ልጄ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አይዞሽ።»

እውነታቸውን ነው። ሊማሊሞን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የትኛው ጥምዝ በስንት እንደሚያዝ በቃላቸው ይዘውታል።

የሊማሊሞ ቁልቁለት መሀል አንዱን ጥምዝ ስንገባ መኪናዋ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ፍሬን ያዙ... አልቆምም አለች። «እመብርሃን» ማለቴ ብቻ ትዝ ይለኛል። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ከድንጋዩ ወዲያ ጉም ብቻ ነው።

አያ ፈንቴ መሪውን እንደጨበጡ ቀሩ። «በአርባ ነው የያዝኳት... ሁልጊዜም በአርባ ነው የምይዛት» ይላሉ ደጋግመው።

እንደምንም ተንቀሳቀስን። ትንሽ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስንደርስ ቆጣሪው አርባ ይላል፣ የእኔ ስልክ ካርታ ግን ፍጥነታችንን አርባ ስድስት ይላል። አሳየኋቸው።

«ጎማው ነው» አሉ። «ለሳንጃ ኮረኮንች መንገድ መኪናዋ ከፍ ትበልልኝ ብዬ በቀደም ጎሚስታው ጋ ትልቅ ጎማ አስገባሁ። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚያውቀው የድሮውን ነው። ፍሬኑም ለዚህ አልተሠራም።»

ከዚያ በኋላ ከአንደኛ ማርሽ አልወጣ አሉ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ።

«አባቴ ነው አያ ፈንቴ... አንድ አባቴ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ እኛ እንንፏቀቃለን። በሆዴ ረገምኳቸው፣ ምን ልዋሽ።

አዲ አርቃይ ስንገባ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ ሳይ ገባኝ። ከመኪናው መውረድ አቃተኝ።

እናቴ ምነው ዘገየሽ አላለችኝም። የሆነውን ስነግራት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ሄዳ ስረግማቸው የመጣሁትን አያ ፈንቴን ጉልበታቸውን ሳመች። «ሸጋ አረግህ ወንድሜ፣ ልጄን አደረስክልኝ» አለቻቸው።

አባቴን ሳልቀብረው ቀረሁ... እናቴም እኔን ሳትቀብር ቀረች።