እንሶስላና የሞተር ዘይት

ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናዬ አልሄድ ብትለኝ ፈታታኋትና በነጭ ጋዝ አጠብኳት። ሥራዬን ስጨርስ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደግሜም ታጠብኩ። በኋላ ግን አገጬን ተደግፌ ስቀመጥ ሽታው ከጥፍሮቼ ሥር ወጣ፤ ነጭ ጋዝና ያረጀ ዘይት። ሌላው ሰው ሽቶ ይናፍቃል፣ እኔ ይህን እናፍቃለሁ ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ። በዚያ ሽታ ውስጥ እኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ አባቴም አጠገቤ ተንበርክከው አንድ ብረት ወደ ፊቴ እየዘረጉ «እስቲ ይህን እይልኝ» ይሉኛል።

ዘመኑ መንግሥት ተለውጦ አገሩ ገና ወሬ የሚያዳምጥበት ነበር። ቤታችን ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ቆማ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሞተሯ ከኋላዋ የሆነ፣ ዶሮዎቻችን ወንበሯ ላይ እንቁላል የሚጥሉባት። አባቴ በጉብዝናቸው ዘመን መካኒክ ነበሩ። እናቴ በሕይወት ሳለች ወንዛዬ ፍል ውኃ ይወስዷት የነበረው በዚያች መኪና ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ቁልፉን ምሰሶው ላይ ሰቀሉት፤ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። ልጁን እወደው ነበር፤ ምን እደብቅሻለሁ። ሽማግሌዎቹን መርተው የመጡት የልጁ አጎት ነበሩ፣ ምላሳቸው ምላጭ የሆነ ሰውዬ። የልጁ ወገን የሚሰጠውን በሬና ላም ከዘረዘሩ በኋላ ወደ አባቴ ዞረው፣ «እርስዎስ ለልጅዎ ማጫ ምን አሰቡ?» አሉ። አባቴ ከብት የላቸውም። «ቮልሷን እሰጣታለሁ» ብለው መለሱ።

«የዶሮዎቹን ቆጥ?» አሉ አጎትየው። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። «ጌታው፣ የሞተ ብረት እኮ ማጫ አይሆንም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አባቴ ከመደቡ ብድግ ብለው፣ «በሠርጓ ዕለት በራሷ ሞተር፣ ልጄን ይዛ ከዚህ ግቢ ትወጣለች። መኪናዋ ካልወጣች ልጄም አትወጣም!» አሉ። አጎትየውም «ሰምተናል፤ ምስክር ነን» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። እኔ ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መሆን ነበረበት። ጾሙ ከቀደመን ደግሞ እኚያ አጎት ለልጁ ሌላ ሴት አይተውለት እንደ ነበር አገር ያውቃል።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን፤ እኔና አባቴ ብቻ። ሞተሩን ከኋላዋ አውርደን ጭድ በሞላ ጆንያ ላይ አስተኛነው። ካምቢዮውንም፣ ማርሾቹ የሚኖሩበትን ያን ከባድ ሳጥን፣ ጎትተን አወጣነው። እያንዳንዱን ብረት በነጭ ጋዝ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ከወዲያ በኩል ለሠርጉ ብቅል የሚያሰጡት ሴቶች እያዩኝ ይንሾካሾካሉ። አክስቴ ግን መንሾካሾክ አታውቅበትም። «ወንድምዓለም፣ ልጅቱን ጫጉላ ነው ወይስ ጋራዥ የሚሰዷት? ምን ዓይነት ጉድ ነው!» ትላለች ብቅሉን እያገላበጠች።

አባቴ ሥራቸው ላይ ናቸው። ፒስተኑን በጣታቸው ይዳብሱታል፤ ማርሹን በጥፍራቸው ነካ አድርገው ድምፁን ያዳምጡታል። ከዚያ ወደ እኔ ዘርግተው፣ «እስቲ እይልኝ፣ ስንጥቅ አለው? ምልክቱ ወዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም አይቼ እነግራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ «አባዬ፣ ይህን እንኳ እርስዎ አጥተውት ነው?» ብዬ ብቀልድ፣ «መምህር የሚጠይቅ የሚያውቀውን ነው» አሉኝ። ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ ኮራሁ።

ደግሞም አስተማሩኝ። ካምቢዮው ውስጥ አንድ ትልቅ ጥርሳም ቀለበት አለ። «ይህን እንደ ጣት ቀለበት በፈለግሽበት አታጠልቂውም» አሉኝ። «ቦታው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ገልብጠሽ ካስገባሽው ጎማው በግልባጩ ይዞራል።» እኔም ደገምኩላቸው፤ እንደ ዳዊት ተማሪ።

የፒስተኑ መለዋወጫ ከባሕር ዳር ታዞ መንገድ ላይ ቀረ። ሐሙሲት ደርሷል ይሉናል፤ የለም ይሉናል። ሚኒባስ በመጣ ቁጥር በር ላይ እቆማለሁ። ሌሊት ሌሊት ሳይቀር በሕልሜ ብሎን እፈታ ነበር። ዕቃው ሲደርስ ዳሱ እየተጣለ ነበር፤ ሞተሩን ስንገጥም የዳሱ ሠራተኞች ከራሳችን በላይ ቅጠል ይቆርጡ ነበር።

በሠርጉ ዋዜማ ካምቢዮው ብቻ ቀረ። ሆዱ ተከፍቶ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። እኔ ቀለበቱን በጨርቅ እየወለወልኩ ሳለ አክስቴ መጥታ ክንዴን ያዘች። ልጃገረዶቹ እንሶስላ ወቅጠው ይጠብቁኛል፤ ሙሽራ ያለ እንሶስላ ከቤቷ አትወጣም።

«አባዬ፣ ይህን ልጨርስልዎና ልሂድ» አልኩ።

«ሂጂ። ይህ የእኔ ነው፤ እጄ ያውቀዋል።»

ሄድኩ። ልጃገረዶቹ እጄን ይዘው ቢለቀልቁ ቢለቀልቁ እንሶስላው ከዘይቱ ላይ አልይዝ አለ። መዳፌ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እነሱ እየሳቁ ይዘፍናሉ፤ የእኔ ጆሮ ግን ውጭ ነበር፣ ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ።

ጠዋት ስነቃ ሞተሩ ይጮኻል! አባቴ የዳሱን ሠራተኞች አሸክመው ካምቢዮውንና ሞተሩን ቦታቸው መልሰው፣ መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ማርሽ አስገብተው፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ ሲዞሩ ከቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። እያለቀስኩ ቀሚሴን ለበስኩ።

ሚዜዎቹ መጡ፤ አጎትየውም አብረው። የአባቴን ጉልበት ስስም እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ ነጭ ጋዝ ይሸታሉ። ከዚያ ከሙሽራው ጋር ቮልሷ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንደኛው ሚዜ መሪውን ያዘ። አባቴ በሩ ጥግ፣ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሄደው ቆሙ። እልልታው ቀለጠ። ሚዜው አንደኛ ማርሽ አስገባና እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሣ።

መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

የዳሱ ቋሚ ሲሰበር ሰማሁ። «በስመ አብ!» አለች አክስቴ። ሚዜው ደንግጦ ሁለተኛ ማርሽ ቢያስገባ እንዲያውም በፍጥነት ወደ ኋላ ሸሸን፤ አንድ ጋን ተሰብሮ ጠላው ግቢውን አጠበው። ሴቶቹ «ሙሽራ ወደ ቤቷ! ሙሽራ ወደ ኋላ!» እያሉ ደረታቸውን ያዙ። አጎትየው እጃቸውን አነሡ። «በቃ! ግቢው አልለቅ ብሏታል። ቃል ቃል ነው፤ ልጂቱ ትውረድ» አሉ። ሙሽራው እጄን አጥብቆ ያዘ።

እኔ አባቴን ፈለግሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሮ ራሱን ይዟል። አባቴ ብቻ ፊታቸው በርቶ፣ ወደ መንገዱ፣ ማንም ወደሌለበት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ጩኸቱ እልልታ መስሏቸው «ሰማችሁ ድምፅዋን? ሰማችሁ?» ይላሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እይልኝ። እይልኝ። እይልኝ። አባቴ አያዩም ነበር። በዚያ ሁሉ ሥራ ዓይናቸው እኔ ነበርኩ፤ እኔ እንሶስላ ልሞቅ የሄድኩ ጊዜ ቀለበቱን በጭፍን ነው ያስገቡት። አሁን ደግሞ ያን ዓይን ለባዕድ ሰጥተው፣ ሳቅ በሳቅ ሆነው ይሸኙታል።

ዓይነ ርግቤን ገለጥኩና ሚዜውን ትከሻውን ያዝኩት። «የኋላ ማርሹን አስገባ።»

«ምን?»

«የኋላውን አልኩህ!»

አስገባ። ቮልሷ እያቃሰተች ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። እልልታው እንደገና ፈነዳ። አጎትየው ያነሡትን እጅ አወረዱ፤ በራሷ ሞተር ወጣች እንጂ በስንተኛ ማርሽ ተብሎ አልተማለም።

ከአባቴ ዘንድ ስንደርስ ፈገግታቸው ቆመ። የኋላ ማርሽ ድምፁ ሌላ ነው፤ ያላዝናል። መካኒክ ደግሞ ድምፅ አይስትም። እጄን በመስኮት አውጥቼ ጣታቸውን ያዝኩ፤ ደነገጡ።

«እጄ ነው የሳተው?» አሉኝ በለሆሳስ።

«የለም አባዬ፣ ዳገቱ ነው። ሚዜው ፈርቶ ነው» አልኩ።

ግቢያችን በር ላይ ዳገት የለም።

እስከ ሙሽራው ቤት በእግረኛ ፍጥነት ሄድን። አጃቢው ከግራ ከቀኝ እየጨፈረ አብሮን ተራመደ፤ እስከ ዛሬ «እንደዚያ ያለ ክቡር ሠርግ አላየንም» የሚሉ አሉ። ሙሽራው «ለምን ታለቅሻለሽ?» አለኝ። «አባቴ አያዩም» ብዬ መለስኩለት።

ለመልስ በዚያችው ቮልስ ስንመጣ እንግዳው ዳሱ ውስጥ ሲበላ አባቴ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ጉድ መች ተደብቆ ያውቃል፤ አክስቴ ሁሉንም ነግራቸዋለች። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ እያገላበጡ፣ «ብነግርሽ አታገቢም ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አላገባም ነበር። ተነሣሁና ጆንያውን አምጥቼ አነጠፍኩ።

ካምቢዮውን ዳግመኛ አወረድን። የመልስ ቀሚሴ እንዳልነበር ሆነ። አመልካች ጣታቸውን ይዤ ቀለበቱ ጥርስ ላይ አኖርኩት፤ እሳቸው ገለበጡ፣ እኔ አየሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አባቴ መሪውን ያዙ፤ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እጄን እጃቸው ላይ ደረብኩ። ባዶውን ግቢ በአንደኛ ማርሽ ዞርነው። ባሕር ዛፍና ቤንዚን ይሸታል።

«ወደ ፊት ነን?» አሉ።

«ወደ ፊት ነን አባዬ።»

ጥቂት እንደ ሄድን እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዙም። ካረፉም ቆይተዋል። እኔ ግን ይኸው፣ የስፌት መኪናዬን ክር ወደ መርፌው ማስገባት ከብዶኝ፣ ባለፈው ሳምንት ልጄን ጠርቼ «እስቲ ይህን እይልኝ» አልኳት።