የዋለ ጊታርና የሰብሌ ድምፅ

ዋለን ያወቅኩት መካነ ሰላም፣ በእህቴ ሰርግ ላይ ነው። ጊታር ይጫወታል። ዳሱ ሰፊ ነው፣ ለሁሉም ይሰማ ብሎ፣ ከክሮቹ ስር ሆና ድምፅ የምትስበውን ፒክአፕ አውጥቶ ኃይለኛ አዲስ ገጥሞ ነበር የመጣው። አብራው የምትዘፍነው ሰብሌ አምባሰልን ስትጀምር ግን ጊታሩ ድምጿን ዋጠው። ቢቀንሰውም ያው ጎርናና ነው።

«ዋልዬ፣ እኔ ልዝፈን ወይስ አይሱዙህ ይለፍ?» አለችው። ሰው ሳቀ። ከመድረክ ስትወርድ ግን ሳቅ የለም፤ «ወላሂ፣ በዚህ ከሆነ ሌላ ዘፋኝ ፈልግ» አለችው።

አምባሰልን እንደሷ አድርጎ የሚዘፍንለት ከየት ይመጣል? በሳምንቱ ዋለ እቤቱ ጠራት፤ እኔም ሄድኩ። አሮጌዋን ፒክአፕ መልሶ በካቻቢቴ ከክሮቹ ትንሽ ዝቅ አደረጋት።

«በይ፣ ያለ ማይክ ዝፈኚ» አላት።

ለስለስ አድርጋ ዘፈነች፤ እሱም ቀስ ብሎ ተከተላት። አንድም ቃል አልጠፋ።

«አሁን ገና ሰው ሆንክ!» አለችው። «የቅዳሜው ሰርግ ስንት ሰዓት ነው?»

ዋለ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮ ይጠግናል። ወደዚህ ከመጣችሁ እባካችሁ ጎራ በሉበት። ዓይን አፋር ነው፤ ጊታሩን እንዲያሰማችሁ እናንተው ጠይቁት።