ከኮምቦልቻ ቡታጅራ የገቡት ዶሮዎች

ኮምቦልቻን ልንለቅ በዋዜማው ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተን ሲመጣ እኔ ጓሮ ሆኜ ዶሮ ካርቶን ውስጥ እከት ነበር። እንግዳው ገብቶ "ይመርስ?" ይላል፤ ባለቤቴ ዘሀራ "ጓሮ ነው፣ አሁን ይመጣል" ትላለች፤ እኔ ላባ የያዘውን ሹራቤን እያራገፍኩ ብቅ እልና ሰላም ብዬ ተመልሼ እገባለሁ። መካሪ አላጣሁም። የዘሀራ ወንድም "ሽጣቸውና ሂድ፣ ጉራጌ አገር ዶሮ የሌለ መሰለህ?" አለኝ። ልክ ነበር። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ዘሀራ ነርስ ናት፤ ቡታጅራ የምትሄደው በሥራ እድገት ነው። እኔ ደግሞ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ዶሮዎቹ ነበሩ፤ እንቁላል እየሸጥኩ አስቤዛውን እደግፋለሁ። እነሱን ሸጬ ብሄድ ቡታጅራ የምገባው የሚስቴ ሻንጣ ሆኜ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው "የግል ነው" የምላት እንኳ ልትቀርብኝ ነው።

ደንብ አለው ሲሉኝ ደንቡን ጠየቅኩ። ከክልል ወደ ክልል የሚሄድ ዶሮ ጤነኛ ለመሆኑ ወረቀት ያስፈልገዋል ተባልኩ። የእንስሳት ጤና ቢሮ ወስጄ አስመረመርኳቸው። ፈንግል የሚሉት በሽታ አንድ መንደር ከገባ ዶሮውን ጠራርጎ ነው የሚወጣውና ለእሱም አስከተብኳቸው። ማኅተሙ ሲመታልኝ ራሴን እንደ ትልቅ ነጋዴ ቆጠርኩት።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቀን ወጣን። አዲስ አበባ አድረን በማግስቱ የቡታጅራን ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ዶሮዎቹ ጣራው ላይ ናቸው። ኬላው ጋ ስንደርስ ፈታሹ ጫጫታውን ሰምቶ መኪናውን አስቆመ።

"የማን ዶሮ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ከየት ነው የመጡት?"

"ከኮምቦልቻ።"

"ወረቀት አላቸው?"

ሰጠሁት። ገልብጦ ገልብጦ አየውና "ጥሩ። ያንተስ መታወቂያ?" አለኝ።

የኔ መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል። ከቀበሌዬ መሸኛ ይዤ ቡታጅራ ላይ አዲስ አወጣለሁ ብዬ ነበር፤ መሸኛው ግን "ሲስተም የለም" እየተባለ ሳይደርስልኝ ነው የወጣሁት።

"እንግዲህ ዶሮዎቹ ሕጋዊ ናቸው" አለ ፈታሹ ወረቀቱን እየመለሰልኝ። "ሕገወጡ አንተ ነህ።"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ዘሀራ የሥራ ደብዳቤዋን አውጥታ "ባለቤቴ ነው" አለችውና ለእሷ ሲል አሳለፈኝ። አጠገቤ የተቀመጡት የመስቃን ገበሬ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው "አይዞህ፣ ዶሮዎቹ ዋስ ይሆኑሃል" አሉኝ። አብሬ ሳቅኩ። ጆሮዬ ግን እስከ ቡታጅራ ድረስ እንደጋለ ነበር።

ቡታጅራ የገባነው በክረምቱ እኩሌታ ነው። የኮምቦልቻን ወበቅ ለለመደ ሰው ያ ዝናብና ነፋስ አጥንት ነው የሚገባው። የኛ የማሽላ እንጀራ የለም፤ ቆጮውን መጀመሪያ ስቀምሰው ደርቆብኝ እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ አፌ ውስጥ አገላበጥኩት፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ከጎመን ጋር ካላገኘሁት የምጠይቅ ሆንኩ። ሰላምታቸው ደግሞ የኛው ነው። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ "አሰላሙ አለይኩም" ስል ሰዉ ተቀብሎኝ ተጠጋልኝ። ደስ አለኝ።

አከራያችን ሀጂ ከድር ቤቱን ካሳዩን በኋላ ካርቶኖቹን አዩ።

"ዶሮ እንዳላችሁ አልነገራችሁኝም።"

"ሀጂ፣ ጓሮ አለ ሲሉን ነው እኮ ቤቱን የወደድነው" አልኳቸው።

"ጓሮውን ያልኩት ለልብስ ማስጫ ነው።" ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አጮለቁ። "ሴቶቹ ይግቡ። አውራው ግን አይሆንም። የሱብሂ ሶላት ሳይደርስ ያስነሳኛል፤ የሰዓት አያያዙን አላምነውም።"

አውራው በዚያው ሳምንት ታረደ። ግማሹን ወጥ ለእሳቸው ቤት ላክን፤ "መልካም ጎረቤት" ብለው ሳህኑን መለሱልን።

ከከተማው የእንስሳት ጤና ቢሮ ሰሚራ የምትባል ባለሙያ መጥታ ዶሮዎቹን መዘገበች። "ለሦስት ሳምንት ዝጋባቸው" አለችኝ። "የሰፈሩ ዶሮም ወደነሱ እንዳይመጣ።"

"የተከተቡ ናቸው እኮ።"

"ቢከተቡም።"

እሺ አልኩ። ዘጋሁባቸውም። ያልዘጋሁት አጥሩን ነው።

ከጓሯችን ቀጥሎ እንሰቱ በሞላበት ግቢ እማማ አበበች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ይኖራሉ። ዶሮዎቻቸው በቁጥቋጦው አጥር ሾልከው ወደኛ ይመጡ ነበር። ዘሀራ ሥራ ውላ ማታ ነው የምትመጣው፤ በዚህ አገር የማውቀው ሰው የለ፤ ቀኑ ደግሞ በዝናብ ተዘግቶ አይገፋም። ከኮምቦልቻ ከወጣሁ ወዲህ ደጄን የረገጠ እንግዳ እነዚያ ዶሮዎች ናቸው ብል አልዋሸሁም። ከኔ ዶሮዎች ቤት ደጃፍ የተበተነውን መኖ ሲለቃቅሙ አላባረርኳቸውም። እንዲያውም እየዘገንኩ ጨመርኩላቸው።

እማማ አበበች ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አስግገው "ልጄ፣ አንተ ነህ ለካ የምታጠግብልኝ" አሉኝ አንድ ቀን። በማግስቱ ቆጮ ላኩልን። ዶሮዎቹን ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሸጠው የመስቀልን ቅቤ እንደሚገዙባቸው ያን ጊዜ ነገሩኝ። መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ አገሩ ይገባል፤ እናት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያለች ያጠራቀመችውን ቅቤ ይዛ ትጠብቃለች።

መጀመሪያ አንዲቷ ዶሯቸው ክንፏን ጥላ አጥሩ ሥር ተኮራመተች። ቀጥሎ ሌላዋ አንገቷ እየተጠማዘዘ ትዞር ጀመር። በሳምንት ውስጥ የእማማ አበበች ግቢ ባዶ ሆነ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ግቢም እንዲሁ። የኔዎቹ ግን ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጥላሉ።

ሰሚራ ስትመጣ እማማ አበበች ፊት ልጠይቃት ፈራሁና እስከ በሩ ሸኘኋት።

"የኔ ናቸው ያመጡት?"

"ማወቅ አይቻልም። ለበዓሉ ከየቦታው ዶሮ እየገባ ነው፤ ከገበያም ሊመጣ ይችላል።"

"የኔዎቹ አልታመሙም እኮ።"

"የተከተበ ዶሮ ራሱ ላይታመም ይችላል፤ በሽታውን ግን ይዞ ይዞራል።" መኖው የተበተነበትን መሬት አየችው። አየኋት ስታየው። "ከእንግዲህ እስክነግርህ ድረስ አትሸጥም፤ ለሰውም አትሰጥም።"

ስለዚህ እማማ አበበችን በዶሮዎቼ ልካሳቸው ብል እንኳ አልችልም። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሞከርኩ፤ "ምን አደረግክና?" አሉኝ። ምን እንዳደረግኩ ልንገራቸው ብዬ ተነስቼ፣ ሳልነግራቸው ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ።

ሰፈሩ አልሰደበኝም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። ሱቅ ስገባ ወሬው ይቆማል፤ ከዚያ ሁሉም በትሕትና ሰላም ይሉኛል። ዘሀራ ከሥራ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች "ዛሬ አንዲት ታካሚ የዶሮው ሰውዬ ባለቤት አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ" አለች።

"ምን አልሻት?"

"አዎ አልኳት። ምን ልበላት?"

ጫማዋን ከበሩ ጥግ አድርጋ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ተቆጥታ ብትናገረኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ጠዋቱ ነው። ዶሮ እንቁላል ስትጥል እንደምትጮህ ታውቃላችሁ። ሰፈሩ ጭር ባለበት የኔዎቹ ብቻ ተራ በተራ ያስካካሉ፣ እስከ ማዶ ይሰማል። ሮጬ ወጥቼ በእጄ ዝም ላሰኛቸው እሞክራለሁ። ሀጂ ከድር አንድ ቀን እንዲያ ስሆን አይተው "ተዋቸው፣ ከፈንግል ጋር አብረን ነው ያደግነው፤ አንተ አልፈጠርከውም" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ዝም ቢሉ ግን ጥሩ ነበር" አሉ።

እንቁላሉን የሚገዛኝ የለም። እኛው እየበላነው ነው።

መስቀል ደረሰ። የእማማ አበበች ልጆች ከአዲስ አበባ ገቡ፤ ግቢው በሰው ሞላ። እኛ በራችንን ዘግተን ለመዋል አስበን ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው መጥተው እጄን ይዘው ወሰዱን። "ሥጋው የክርስቲያን እርድ ነው፤ ለናንተ ጎመኑንና አይቡን ለብቻ አስቀምጫለሁ" አሉን። በንጹሕ ዕቃ፣ ለብቻው ተከድኖ ነበር። በቅቤ የራሰ ጎመን ነው፤ እንዲያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም።

ትልቁ ልጃቸው እየሳቀ "ቅቤውን እኮ እኛ ነን ያመጣነው" አለን። "ቅቤ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ሲጫን ሹፌሩ ራሱ ገርሞታል።"

ሁሉም ሳቁ። እማማ አበበች አልሳቁም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው "ዘንድሮ ዶሮዎቼ አልቀውብኝ ነው" አሉ፣ ለልጃቸው ሳይሆን ለኛ፤ ልጆቻቸውን በባዶ እጅ የተቀበሉበትን ምክንያት እንግዳው እንዲያውቅላቸው ብለው። ለኔ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል ነበር። ዘሀራ እጇን ከሰሀኑ ሰበሰበች። እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ መብላቴን ቀጠልኩ፤ እሳቸው ወዶት ነው ብለው ጨመሩልኝ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ታላቅ እህቴ ፋጡማ ከኮምቦልቻ ደወለች። ከቤት ወጥቼ ጓሮ ቆሜ አነሳሁት።

"ዶሮዎቹስ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"አንድም አልሞተብህ?"

"አንድም።"

"አልሐምዱሊላህ። አየህ፣ እንደ ደንቡ ያደረገ ሰው እንዲህ ነው። እኔ እዚህ ለሰዉ ሁሉ እየነገርኩልህ ነው፣ ወንድሜ እዚያም ሥራውን ይዟል እያልኩ።"

ከአጥሩ ማዶ የእማማ አበበች ልጆች ይዘፍናሉ።

"ሰዉስ እንዴት ነው? ተቀበሏችሁ?"

"ሰዉ በጣም ደግ ነው።"

"ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ኔትወርኩ ነው" አልኳት።

"አብሽር። በል ካርዴ ሳያልቅ ልዝጋው።"

"ፋጡማ፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ፤ ስታነሺ ግን ምንም አታውሪኝ። ስልኩን ደጁ ላይ አስቀምጪው።"

"ለምን?"

"እንዲሁ። ሰፈራችንን ልስማው።"

መልሼ ደወልኩ። አነሳችና አስቀመጠችው። የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ሰማሁ፤ አንዲት ሴት ልጇን ስትጣራ፤ ሩቅ የሆነ ሰው ሲያስል። ማን እንደሆነ በሳሉ ለመለየት ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።