ጃስ ሲሉት ጭራውን የሚቆላ ውሻ

በእንስሳት ሕክምና ሥራ የሚያስጠላው ትል የወረሰው ቁስል ነው ብላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። አሰላ ውስጥ በአንዲት የግል የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እጄን እስከ ብብቴ ላም ውስጥ ከትቼ የሞተ ጥጃ አውጥቻለሁ። የጋሪ ፈረስ ጀርባ ላይ የሸተተ ቁስል ሳጥብ ውዬ፣ እጄን ታጥቤ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በልቻለሁ። ምሳዬን ጥዬ የተነሳሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ንጹሕ የለበሰና ሽቶ የተቀባ ጤነኛ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲያወራ።

ሰውየው አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ግቢው ሰፊ እንደሆነ፣ ብረቱም ውጭ እንደሚያድር ሳልጠይቀው ነገረኝ። በናይለን ገመድ አንድ ውሻ እየጎተተ ነው የገባው፤ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጥርሱን ሳየው ገና ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ከሥር ተቆርጠዋል።

«መርፌ ውጉልኝ፤ ይገላገል» አለኝ።

«ምን አሞት ነው?»

«ምንም አላመመውም። አይረባም።»

ነገሩን ሲያስረዳኝ ትንሽ እንኳ አላፈረም። ይልቅ እንደ ትልቅ ልፋት ነበር የሚቆጥረው። «ከቡችላነቱ ጀምሮ ደክሜበታለሁ። ጆሮውን ራሴ ቆርጬ፣ ጠብሼ፣ ለራሱ አብልቼዋለሁ። እንደዚያ የተደረገ ውሻ ጅብ አይመልሰውም ይባላል። ምግቡ ላይ በርበሬ እየበተንኩ ነው የምሰጠው። ቀን ቀን ጨለማ ክፍል እዘጋበታለሁ። ይኸውልሽ እንግዲህ፣ ‹ጃስ!› ብዬ ሰው ላይ ስለቀው ጭራውን ይቆላል! ባለፈው ሌባ በግንብ ዘሎ ገባ፣ ይሄ ሄዶ እጁን ላሰው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ይሄ በልቶ ዝም!»

«የበላው በርበሬ ነዋ!» አልኩት። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንተ ሆነ። «የገዛ ጆሮውን አብልተኸው ደግሞ ብረትህን ሊጠብቅልህ? ኧረ አፈር ብላ!»

ዶክተሩ ድምፄን ሰምቶ ከውስጥ ወጣ። የክሊኒኩ ባለቤት ነው፤ ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ ጠብ አይወድም። ፊቴን አየና ሰውየውን «ትተኸው ሂድ፤ እዚህ ላይ ፈርም» አለው። ፈረመ። ገመዱን ግን ፈትቶ ወሰደ። ገመዱ ሳያሳዝነው አልቀረም!

እኛ መጠለያ የምንለው ከክሊኒኩ ጀርባ ያለውን የበግ ጋጣ ነው። በቆርቆሮ ከልለን ሦስት ቦታ ከፍለነዋል። ሰዎች የማይፈልጉትን ውሻ እዚያ ይተዉልናል፣ እኛም ፈላጊ እንፈልግለታለን። ምክንያታቸውን ለመስማት ሆድ ያስፈልጋል። አንዷ «ትንሽ ሳለ ያምር ነበር፣ አደገብኝ» ብላ ትታልኝ ሄዳለች። የእሷስ ልጆች አያድጉ ይሆን?

የዚያ ውሻ ሆድ ነገር ለማውራት ይቀፋል። ለአንድ ሳምንት ያህል የሚወጣው ደም የተቀላቀለበት ቀይ ውኃ ነበር፤ በርበሬው አንጀቱን ልጦታል። በየጠዋቱ የጭላሎ ተራራ ብርድ እጄን እያቆራመደው ጋጣውን ሳጥብ፣ ያንን ሰውዬ በምላሱ ባስጠረግኩት እል ነበር። ውሻው ግን ምንም ቂም የለው። ሳጥብ እግሬ ላይ ይደገፋል፣ ሙሉ ክብደቱን ለቆ። ሾርባ የነካ ዳቦ ስሰጠው መጀመሪያ ያሸታል፣ በርበሬ እንደሌለበት ሲያረጋግጥ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ይበላል። በሦስተኛው ሳምንት ጎኑ ሞላ፣ ጸጉሩም አበራ። ልምከረው ብዬ «ሰው አትመን» ስለው ጉልበቴን ይልሰኛል። ጅል!

ወሳጅ አልጠፋም። ችግሩ ሁሉም የሚፈትነው በአንድ ቃል መሆኑ ነው። አጥሩ ጋ ይቆምና «ጃስ በይው እስቲ» ይለኛል። እኔ እምቢ ስል ራሱ «ጃስ!» ይላል። ያ ጉደኛ ሌላውን ትቶ፣ መከራውን ሁሉ ረስቶ፣ ቂጡ ከነጭራው እየተወዛወዘ እየሮጠ ይመጣል። እጅ ይልሳል፣ ጫማ ላይ ይተኛል። ሰዎቹ በሳቅ ይሞታሉ። «ይሄ ውሻ ነው በግ? በዚህስ ጋጣ አልተሳሳታችሁም» ብሎኝ የሄደ አለ። ቃሉ ለምን እንደዚያ እንደሚያስደስተው ሊገባኝ አልቻለም። ጌታው ያን ሁሉ ግፍ የሠራበት በዚያው ቃል አልነበረም እንዴ?

ከዚያ ዶክተሩ አንድ ቀን ጠራኝ። ክረምቱ ሳይገባ ጋጣው ለድርቆሽ ይፈለጋል፤ ወሩ ሲያልቅ ባዶ መሆን አለበት አለኝ። «ወሳጅ ያላገኘውስ?» አልኩት። የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን አየት አደረገና ሲያክማት ወደነበረችው ላም ተመለሰ። እሱም አስጠላኝ። ጋጣው ውስጥ የነበሩት ሌሎች ሁለት ውሾች በዚያው ሳምንት ባለቤት አገኙ። ያ ብቻ ቀረ፤ ለወሩ መጨረሻ ደግሞ አምስት ቀን ነበር የቀረው።

ማክሰኞ ዕለት ከኢተያ አንድ የስንዴ ነጋዴ ደወለ። ለመጋዘኑ ውሻ ይፈልጋል። «ቁጡ ነው?» አለኝ። «እጅግ ቁጡ» አልኩት፣ ውሻው ጫማዬን እየላሰ። ቅዳሜ መጥቶ አይቶ እንደሚወስደው ነገረኝና ስልኩን ዘጋ።

እስቲ ምን ላድርግ? ስንዴ ነጋዴ ነው፣ ውሻውን አይርበውም፤ መጋዘን ውስጥ ብርድ አይመታውም። የሚያስፈልገው ቅዳሜ «ጃስ» ሲባል አንዴ ማጉረምረም ብቻ ነው። ስለዚህ የመጥረጊያውን እንጨት አነሳሁ።

አሁን የማወራውን ለዶክተሩም ነግሬው አላውቅም። «ጃስ!» አልኩት። እየሮጠ መጣ። አፍንጫውን መታሁት። ቆመና አየኝ፤ በስህተት ነው ብሎ ነው መሰለኝ ጭራውን እየቆላ እንደገና ቀረበ። ደግሜ መታሁት። ለአራተኛ ጊዜ ስጠራው በሆዱ እየተሳበ መጣ፣ ግን መጣ። ለዚያ ቀን አቆምኩ፤ ዳቦም ጨምሬ ሰጠሁት። በማግሥቱ ቀጠልኩ። ሐሙስ ከሰዓት ቃሉን ስናገር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን አሳየኝና አጉረመረመ። «ጎበዝ!» አልኩት፤ ጎበዝ! እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ። ሕይወቱን ላተርፍለት ነው እያልኩ ቤቴ ሄድኩ። ያ ብረት ነጋዴም ጆሮውን ሲቆርጥ ለውሻው ጥቅም እንደሆነ ሳያስብ አልቀረም።

ዓርብ ጠዋት አንዲት እናት በር ላይ ቆመው አገኘሁ። ሻሽ አስረዋል፣ በትራቸውን ተደግፈዋል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አማርኛቸው ኦሮምኛ ያመዝንበታል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጃስ እዚህ ነው አሉኝ» አሉ።

ሰው የሚፈልጉ መሰለኝ። «ጃስ ማነው እማማ?»

«ውሻዬ ነዋ! ልጄ እዚህ ነው የተወው።»

ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። የብረት ነጋዴው እናት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ከገጠር፣ ከጮሌ አምጥቶ ግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጥቷቸዋል። እንግዳ ሲመጣ አይውጡ ይባላሉ። ይህንን ሲነግሩኝ እንደ ቅሬታ አልነበረም፤ «ሥራ ይበዛበታል» እያሉ ነው። ልጃቸው ጠዋትም ማታም ውሻውን «ጃስ! ጃስ!» ሲለው ይሰማሉ። ስሙ ነው ብለው ያዙ።

«እኛ አገር ውሻ ሰው ላይ ሲለቀቅ ‹ቀቢ› ነው የሚባለው፣ ያዘው ማለት ነው። ከተማ ሌላ ቃል እንዳለው በምን ልወቅ?» አሉና ሳቁ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

ልጃቸው ወደ ሱቅ ሲሄድ ጨለማውን ክፍል ይከፍቱለታል። «ጃስ፣ ኮቱ! ጃስ፣ ና!» ይሉታል። አጓትና የገብስ ቂጣ ይሰጡታል። በልቶ ሲጨርስ እግራቸው ላይ ጭንቅላቱን ጥሎ ይተኛል። ሁለቱም ሰዎች፣ እናትም ልጅም፣ በአንድ ቃል ያሳድጉት ነበር፤ ውሻው የመረጠው የእሳቸውን ነው። እኔም አብሬያቸው መሳቅ ጀመርኩ። ከዚያ የመጥረጊያው እንጨት ትዝ አለኝ።

«ወደ ጮሌ ልመለስ ነው» አሉኝ። «ቤቴ ባዶውን አለ። የሚወስደኝ የኢሱዙ መኪና ሹፌር ውሻው ከኋላ ከጆንያው ጋር ይሄዳል ብሎኛል። እሱን ይዤው ልሂድ። እኔም እሱም ከተማ አልሆነልንም።»

ወር ሙሉ ስፈልግ የነበረው ቤት ይኸው በእግሩ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል! ማንንም መንከስ የማያስፈልግበት፣ ሌባን ቢልስ እንኳ የሚስቁበት ቤት። «እማማ፣ ስሙን አይጥሩት» ልላቸው አስቤ ነበር። ለምን ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ወደ ጓሮ መራኋቸው። ለውሻው ጠረናቸው ይበቃዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ገና ጋጣው ጋ ሳንደርስ፣ ከቆርቆሮው ወዲህ ሆነው፣ እማማ እንደ ልጅ በደስታ ተጣሩ፤ «ጃስ! ጃስ ኮ፣ የኔ ጃስ!»

ስንደርስ ውሻው ጥግ ላይ ተለጥፏል። ጥርሱ ወጥቷል። እያጉረመረመ ነው፣ በሥሩም ሽንቱን ለቆታል። ሽንቱ በድንጋዩ መሐል እየፈሰሰ እሳቸው ጫማ ሥር ደረሰ። ደግመው «ጃስ» አሉት፣ ቀስ ብለው። ሰውነቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሴት ናቸው፤ የተመታ እንስሳ አይጠፋቸውም። ወደ እኔ ዞሩ።

«በስሙ ነው የተመታው። ማነው የመታው?»

«ልጅዎ» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም፤ ዛሬ ድረስ የሚቀፈኝ እሱ ነው። ሰውየው ያንን ሁሉ ክፋት ሠርቶ የለም ወይ፣ አንድ ቢጨመርበት ምን ይለዋል? ይህን በልቤ እያልኩ ቆምኩ። እማማ ወደ ውሻው ዞሩ። በትራቸውን ራቅ አድርገው መሬት ላይ አስተኙትና ቁጢጥ አሉ። ከጉያቸው የገብስ ቂጣ አውጥተው በመዳፋቸው ያዙ። ስሙን ተዉት፣ «ኮቱ፣ ኮቱ» ብቻ ይሉታል። የኢሱዙው ሹፌር ውጭ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ፣ እሳቸው አልሰሙትም። በመጨረሻ ውሻው በሆዱ እየተሳበ መጣ። ቂጣውን ትቶ የእጃቸውን አንጓ አሸተተ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ውስጥ ቀበረ።

«ይነሡ» ስላቸው አልተነሡም። እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይቅር በዪኝ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ የወለድኩት።»

ከዚያ ቀኝ እጄን ስበው ሳሙት። እኔም አልከለከልኳቸውም።