ሦስት ጊዜ የሚጠሩት መምህር

ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ጅልነት ራሴው ላውራው፤ ካለዚያ ባለቤቴ ከእኔ አሳምራ ታወራዋለች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ፍኖተ ሰላም በጉም ተጠቅልላ ነበር። ዳቦ ግዛ ተብዬ ወጣሁ። በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳልፍ የረጠበ ባሕር ዛፍና የጠመኔ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ያዘኝ። ቆም አልሁ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ጉሙ የሸፈናት አንዲት መምህርት ስም ትጠራለች።

«ስንሻው!» አለች። የሚመልስ የለም። «ስንሻው!» አሁንም ጸጥ። «ስንሻው!» ስትል እኔ፣ ሰባን ያለፍሁት ሽማግሌ፣ ባዶ ፌስታሌን እንዳንጠለጠልሁ ቆቤን አውልቄ «አቤት!» ብዬ ጮኽሁ።

የተሰለፉት ልጆች በሣቅ ፈነዱ። መምህርቷ ከጉሙ ወጥታ እስከ አጥሩ መጣች። የልጅ ልጄ ብትሆን የማይበዛባት ወጣት ናት።

«አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ስሜን ጠራሽ እኮ።»

«ስንሻው ዛሬ አልመጣም።»

«መጥቻለሁ እንጂ! ትንሽ ነው የዘገየሁት።»

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ፣ «አባቴ፣ የሚማሩ ከሆነ ደብተር ይዘው ይምጡ፤ በፌስታል መግባት ክልክል ነው» አለኝ። እኔም ዳቦውን ረስቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ለአንድ ስም ሦስት ጥሪ ስሰማ የምዘልበት ምክንያት ግን አለኝ። ምክንያቱ መምህር አስረስ ናቸው።

የተወለድሁት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ገደል አፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። ክረምት ሲቃረብ ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ ገደሉን እየቧጠጠ ይወጣል። መጀመሪያ ግራሩን ይውጣል፣ ከዚያ በረቱን፣ ከዚያ ጎረቤትን። ጉም ውስጥ ድምፅ ቦታውን ይስታል። ፊት ለፊትህ የሚስለው ሰው ከኋላህ ይመስልሃል። የራስህ ኮቴ ራሱ ሌላ ሰው የሚከተልህ ይመስላል።

እኔ ድክ ድክ በምልበት ዘመን፣ ገና ልጅ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ዓለሙ እንዲህ ባለ ቀን ስሙ ተጠራ አሉ። «አቤት» ብሎ ወጣ። ማን እንደጠራው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጉሙ ሲገልጥ ከገደሉ ሥር ነው ያገኙት።

ከዚያ ወዲህ በእናቴ ቤት ሕግ ወጣ። «ጉም ወርዶ ስምህ ሲጠራ፣ በአንደኛው አትመልስ፤ በሁለተኛውም አትመልስ። ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይጠራሃል። ያ ከሆነ ግን ሦስተኛ አይችልም፤ ሦስቱ የሥላሴ ናቸውና።» ያ ማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ስታወራ ወደ በሩ ነበር የምታየው።

እኔ ደግሞ ትእዛዝ ሲሰጠኝ አብዝቼ የምፈጽም ፍጡር ነኝ። ጉም ሳይኖርም አልመልስም፤ ሦስተኛ ጊዜ ተጠርቼም አልመልስም። እያደር ከእናቴ በቀር ለማንም ቃል የማላወጣ ልጅ ሆንሁ። መንደርተኛው «ወንድሙ ልሳኑን ይዞበት ሄዷል» ይል ጀመር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእኔ አፍ ግን ዝንቡ ሳይሆን ቃሉ ነበር ታፍኖ የቀረው።

ትምህርት ቤት ስገባ ነገሩ ባሰ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ደወሉ ከዋርካ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር። የፊተኛው መምህራችን ስም የሚጠሩት እህል እንደሚዘራ ሰው እየበተኑ ነው፤ ያልመለሰ «ቀሪ» ነው። እፊታቸው ተቀምጬ፣ አፍንጫዬን በክንዴ እየጠረግሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀሪ ነበርሁ። አንድም ቀን ሳይቀር እንደ እኔ የቀረ ተማሪ በጎጃም ያለ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ዓመት መምህር አስረስ ከአዴት አካባቢ ተዛውረው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ካፖርታቸው የላምባና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ነበረው፤ ቁንዶ በርበሬውን ለጉሮሯቸው ያኝኩታል። በመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠሩ። ልጆቹ በአንድ አፍ፣ «መምህር፣ እሱ አይናገርም! ልሳኑ ገደል ገብቷል!» አሏቸው። ብዕራቸው እንደተነሣ ቀረ። አዩኝ። ምንም አልጻፉም።

የዚያኑ ቀን ከትምህርት በኋላ እቤታችን መጡ። እናቴ ደንግጣ መደቡን በነጠላዋ ትጠርጋለች።

«እናቴ፣ ልጅዎ አይመልስልኝም። አጥፍቼ ከሆነ ልካስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ በስማም! አንቱ ምን አጠፉና? እኔ ነኝ የከለከልሁት» አለችና ሕጉን ከነምክንያቱ ነገረቻቸው። ስትጨርስ፣ «ይሣቁብኝ እንግዲህ። የፊተኛውም መምህር ስቀውብኛል» አለች።

እሳቸው አልሣቁም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አሰቡና፣ «ሦስተኛ ከጠራሁት ግን ሰው ነኝ?» አሏት።

«እንዴታ! ሰው ነዎት።»

«እንግዲያ ሦስት ጊዜ እጠራዋለሁ። ሰው መሆኔ በየጠዋቱ ቢረጋገጥልኝ እኔም ደስ ይለኛል።»

ከማግስቱ ጀምሮ እንዲያ ሆነ። ሌላውን አንዴ ጠርተው ያልፉና እኔ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የመጀመሪያው ጥሪ አጭር ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይረዝማል። ሦስተኛውን ለስለስ አድርገው፣ መጨረሻውን እየሳቡ፣ «ስንሻ...ው» ይላሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል። በመጨረሻ «አለ። አይቸዋለሁ» ብለው ይጽፋሉ።

አንዱ ነገረኛ፣ «መምህር፣ እሱ ንጉሥ ነው እንዴ ሦስቴ የሚጠራው?» ቢላቸው፣ «ንጉሥማ ቢሆን አንድ ጊዜም ሳልጠራው ይመጣብኝ ነበር» አሉት።

ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስጽፉኛል። መልሱን ስጽፍ ጮክ ብለው ያነቡና «ስንሻው እንዲህ ይላል» ይላሉ፤ ምንም ሳልል ተናጋሪ አደረጉኝ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ካዩ «ሰማሁህ» ይሉኛል። እውነት የሰሙኝ እየመሰለኝ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ ለአህያም ለቁጥቋጦም «አቤት» ማለት ጀመርሁ። አህዮቹ በትዕግሥት ይሰሙኝ ነበር። ለሰው ስሞክረው ግን ከከንፈሬ አያልፍም።

ሰኔ ሲገባ ዳይሬክተሩ ነገሩን ደረሱበት። «መምህር አስረስ፣ ይህ ልጅ በወረቀት አለ፣ በአፍ የለም። ከፈተናው በፊት በሰልፍ ላይ እኔ ራሴ እጠራዋለሁ። አንድ ጊዜ! ካልመለሰ ቦታውን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ» አሉ። ከዚያ ከወጣሁ የሚቀጥለው ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ ቡሬ እንኳ ያን ጊዜ ለእኛ ከጨረቃ ትንሽ ቀረብ የሚል አገር ነበር። እናቴ ከእኔ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊደል። የሰማች ዕለት እራቷን አልበላችም።

የተባለው ቀን ጠዋት ጉሙ እንዲያ ወርዶ አይቼ አላውቅም። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አላያቸውም ነበር። በገደሉ አፋፍ ያለውን መንገድ በእግሬ እየዳሰስሁ ስሄድ ስሜን ሰማሁ።

«ስንሻው!»

ቆምሁ። አጭር ነበር። ከወዴት እንደመጣ አላወቅሁም። ወፍ እንኳ ዝም ብሏል።

«ስንሻው!»

ትንሽ ረዘመ። ከገደሉ በኩል ነው። ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። እዚህ ላይ ካበቃ ያ ነው። ዝምታው የማያልቅ መሰለኝ።

«ስንሻ...ው» አለ፤ ለስለስ ብሎ፣ መጨረሻውን ስቦ።

«አቤት!» አልሁ። ከየት እንደወጣልኝ አላውቅም። «አቤት! አቤት! እዚህ ነኝ!» አንዴ ከተከፈተ በኋላ መዝጊያው ጠፋብኝ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሊዘጋ ሲል ጠጠር ተንከባለለ፤ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ የቁንዶ በርበሬ ሽታ፣ ከዚያ መምህር አስረስ ወጡ። ካፖርታቸው በጭቃ ተለውሷል። ቀኝ እግራቸው ጫማ አለው፤ ግራው ባዶውን ነው።

ከማዶ ለማኅበር ተጠርተው አድረው ሲመለሱ መንገዱ ጠፍቶባቸው ኖሯል። አጠገቤ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «ድምፅህን ይዤ ነው የወጣሁት» አሉኝ።

«ሲጠሩኝ ጊዜ እኮ ነው» አልኋቸው። ለእሳቸው የተናገርሁት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይኸ ነው።

ዞር ብለው አዩኝ። «እኔ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ልጄ፣ እኔ አፌን አልከፈትሁም። እግሬ ሥር መሬቱ ይናድ ነበር። ብተነፍስ አብሬው የምወርድ መስሎኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር።»

ሁለታችንም ወደ ገደሉ አየን። ጉሙ ብቻ ነው ያለው። መምህር አስረስ አማተቡና ተነሡ፤ እጄንም ያዙ። «ና እንሂድ። ዛሬ ከዚህ ውስጥ ሰው አውጥተሃል፤ ዳይሬክተሩ ከዚህ አይብሱም።»

ሰልፉ ላይ ስንደርስ ዳይሬክተሩ ከባንዲራው ሥር ቆመው ነበር። የመምህሩን ባዶ እግር አይተው ሊጠይቁ አሰቡና ተዉት። «ስንሻው!» አሉ፣ አንዴ። እናቴ አትመልስ ያለችኝ ጥሪ ነው። መምህር አስረስን አየሁ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቁኛል፤ ሰማሁህ እንደሚሉኝ ሁሉ። «አቤት!» ስል ዋርካው ላይ የነበሩት ቁራዎች ተነሥተው በረሩ፤ ዳይሬክተሩም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ቦታዬ ለእኔ ቀረ።

እቤት ገብቼ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኋት። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ድምፁ ቀጭን ነው ወፍራም?»

«አጠራሩ የመምህር ነው» አልኋት፤ «ድምፁ ግን የልጅ ነው።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጠራኝ አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ሕጉን ሳትሽረው ተወችው።

ትምህርት ሲዘጋ መምህር አስረስ ወደ ዱርቤቴ ተዛወሩ። የሄዱት በተዋሱት ጫማ ነው። ሲሰናበቱኝ፣ «ግራ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል። ጥቅምት ላይ ጉሙ ሲገልጥ ፈልገህ አምጣልኝ» አሉኝ። «እሺ» አልሁ፤ ያን ጊዜ አፍ ስለነበረኝ ቃል መግባት ቀላል ሆኖልኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሄድሁ። በሆዴ ተኝቼ ወደ ታች አየሁ። ጫማው ከአፋፉ ወረድ ብሎ፣ ጦጣ እንኳ የማትቆምበት ቀጭን ድንጋይ ላይ አለ። የወደቀ ነገር አይመስልም። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሯል፤ ማሰሪያው ተቋጥሯል። አንዳንድ ጊዜ፣ መምህር ልጁን ሊያስጮኹ ብለው ጉም ውስጥ ተደብቀው ራሳቸው ጠርተውኝ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር። እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ማንም ሰው ለጨዋታ አይቆምም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ጩኸት ነው። ቡሬ ላይ የእህል ደላላ ሆንሁ፤ ገበያ መሀል ስጣራ በነቀምት መንገድ የሚያልፍ ሹፌር የተጠራ መስሎት ይቆማል። ባለቤቴ «ያን መምህር ባገኝ ዋጋቸውን እሰጣቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ቢተዉህ ምን ነበረበት!» ትላለች።

ከብዙ ዘመን በኋላ ዱርቤቴ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሸምግለው በትር ይዘዋል። ከሩቅ አይተው ስሜን ጠሩ። ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ጫማዬስ?» አሉኝ።

«እየመጣ ነው መምህር። መንገዱ ጉም ሆኖበት ነው።»

ሣቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግራው ነው፤ እንዳትሳሳት። ቀኙን አስቀምጨዋለሁ» አሉኝ።

ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ቀኙ ጫማ ዛሬም ከበሩ ጀርባ እንዳለ ነግራኛለች፤ ማንም አያነሣው፣ ማንም አይጥለው። ባለፈው ዓመት በከዘራ ሄጄ እንደገና በሆዴ ተኛሁ። መተኛቱ አላስቸገረኝም፤ ለመነሣት ግን መንገደኛ መጠበቅ ነበረብኝ። ጫማው አለ። ያ ሁሉ ክረምት ወርዶበት ቆዳው አልጠቆረም። ገመድ ገዝቼ ነበር፤ ባለቤቴ ደብቃብኛለች።

ለልጃቸው «ጥቅምት ላይ» ብያታለሁ።