የመሪጌታ ሣህሉ ውሻ ሰው አይነክስም

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ማለዳ በቱታ የሚሮጥ ሰው ሁለት ጠላት ነበረው፤ ወሬና ውሻ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ፀሐይወርቅ ወሬውን ከቁብ አትቆጥረውም። በሽመና መኪናዎች ጩኸት መካከል ሰው ማማት የቻለች ሴት ሐሜት ምን ያደርጋታል? «ባሏ ያባረራት ይመስል ትሮጣለች» ሲሏት፣ «ቢያባርረኝስ መች ይደርስብኛል!» ብላ ትስቃለች።

የሴቶቹን የማስ ስፖርት ቡድን ያቋቋመችው እሷ ናት። ሰዓት እላፊው ሲያበቃ በሐይቁ ዳር ይሮጣሉ። ባል፣ አለቃና ስብሰባ የማይደርሱባት ሰዓት ያች ብቻ ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን ደጃቸው በሩጫው መንገድ ላይ ያለው የመሪጌታ ሣህሉ ውሻ፣ ነብሮ፣ ከሯጮቹ አንዷን፣ የሺመቤትን፣ ባቷን ዘነጠላት። እሷ ሆዷን የእብድ ውሻ መርፌ ስትወጋ፣ ሌሎቹ ፈርተው ቤታቸው ቀሩ። ፀሐይወርቅ ቡድኑ ሲፈርስ ቁጭ ብላ ልታይ ነው? በቀጥታ መሪጌታ ዘንድ ሄደች።

«የኔ ነብሮ ሰው አይነክስም» አሉ።

«የሺመቤትንስ፣ የኔታ?»

«ሮጣ ነዋ! ማን ሩጪ አላት?»

«እንግዲያው ነገ አብረውን ይሩጡና እንየው። ወይስ ፈሩት?»

«እኔ? የራሴን ውሻ?»

ወሬው ሳያድር ከተማውን አዳረሰ። በማግሥቱ ለመሮጥ እምቢ ያለችው ሁሉ ለማየት መጣች፤ የሺመቤትም እግሯን እንደጠቀለለች ከሩቅ ቆመች። መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በደጃቸው በኩል ሩጫቸውን ለቀቁት። ጋቢው እንደ ሸራ ተነፋ። ነብሮ በአጥሩ ቀዳዳ ተወርውሮ ጫፉን ያዘ።

«ነብሮ! እኔ ነኝ! እኔ!»

ማሕሌት የሚመራው ያ ድምፅ በድንጋጤ ቀጥኖ ውሻው አላወቀውም። ጋቢውን ገፎ ጣለና ወደ ሱሪያቸው መጣ።

«ይቁሙ፣ የኔታ!» አለች ፀሐይወርቅ። «ጀርባዎን አይስጡት! እጅዎን አያወናጭፉ!»

ቆሙ። ውሻውም ቆመ። ቀረብ ብሎ አሸተተና ጭራውን ቆላ።

«ሰው አይነክስም ነበር ያሉኝ፣ የኔታ?»

«የነከሰው ጋቢ ነው እንጂ ሰው ነው?» አሉ ጋቢያቸውን ከመሬት እያነሱ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው ሳቁና፣ «በሉ፣ እስክታልፉ ድረስ አስረዋለሁ። እናንተም ከደጄ ስትደርሱ ሩጫውን ተዉት» አሉ።

«በእርምጃ እናልፋለን፤ እጅም እንነሳለን» አለች ፀሐይወርቅ።

ሴቶቹ ተመለሱ። የሺመቤት ግን መርፌዋን ጨርሳ ስትመጣ፣ ከደጁ ስትደርስ የፀሐይወርቅን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። መሪጌታ ገመዱን ይዘው ቆመዋል፤ ነብሮ ይጮሃል።

«አትሩጪ። አትጩኺ። እያየሽው እለፊ» አለቻት ፀሐይወርቅ።

አለፉ። አጥሩ እንዳለቀ የሺመቤት እጅጌውን ለቀቀች።

«አንቺ፣ ምን ትጎተቻለሽ?» ብላ ቀድማት ሮጠች።