ለሐዋ ያላደረስኩት መልእክት

የዚያን ቀን በአሶሳ ጤና ጣቢያ ግቢ የነበርነው እኔ፣ ያዘልኳት ልጄ፣ ባለቤቴ ይመር፣ ጎረቤታችን ሐዋ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው አባ ሰይድና የምታክመን ሲስተር ጸሐይ ነን። ይህን ያስታወሰችኝ ያቺው ልጄ ናት። ትናንት ባልዲ አንስታ ወገቧን ስትይዝ ባየሁ ጊዜ ደንግጬ፣ «ጉልበትሽን አጥፈሽ ነው ማንሳት!» አልኳት። «ማን አስተማረሽ?» ብትለኝ ያ ቀን ትዝ አለኝ።

ጊዜው ክልሉ ገና እንደተቋቋመ ነው። ማንጎ ደርሶ መንገዱ በልጣጭ ያዳልጥ ነበር። እኛ ከወሎ የመጣን ሰፋሪዎች ውሃ በጀርባችን፣ ጎንበስ ብለን እንሸከማለን። ሐዋ የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ረጅም እንጨት ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ሸክሙን በሁለቱ ጫፍ አንጠልጥላ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ወገባችንን ግን ሁለታችንንም ያመን ነበር። ሲስተር ጸሐይ ለአንድ ወር ብቻ የመጣች ናት። መድኃኒት አትሰጥም፤ አቋቋም፣ አቀማመጥና አተኛኘት ታስተምራለች።

ያን ቀን በተራ አስኬደችን። እኔ ስሄድ ማንም ምንም አላለም። ሐዋ ስትሄድ ይመር፣ «አካሄድ እንዲህ ነው እንጂ!» አለ።

«አይንህን ሰብስብ፣ አንተ ልጅ!» ብለው አባ ሰይድ ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። እስከ ቤት ድረስ ሁለቱንም ጥዬ ቀድሜ ሄድኩ።

ሐዋ ምንም አልጠረጠረችም። በማግስቱ ውሃ ቀድታልኝ መጣች። «አንተ አትሸከም። እኔ ያመጣል» አለችኝ፤ አማርኛዋ ገና ነበር። ስለዚህ ቀጠሮዋን የምነግራት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ሐሙስ» አልኳት። ቀጠሮው ግን ማክሰኞ ነበር።

ማክሰኞ ብቻዬን ሄድኩ።

«ጓደኛሽስ?» አለች ሲስተር። «የሚያማት ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻዋ ስለምትሸከም ነው። እያቀያየረች በግራውም ትልመድ። ነገ መሄዴ ነው፤ አደራ ንገሪያት።»

«እሺ» አልኩ።

ሐዋ ሐሙስ ሄዳ የሲስተርን ክፍል ዝግ አገኘችው። ስትመለስ በእኛ ደጅ አለፈች። «ሲስተር ሄዷል» አለችኝ። «አሁን ያንተ ወገብ ማን ያያል?»

ለእኔ አዝና ነው! ያኔ መናገር እችል ነበር። ግን ይመር እዚያው ቆሞ ያያት ነበርና ዋጥኩት። ክረምቱ ሳይገባ ባሏ ወደ መንጌ ወሰዳት፤ እንጨቱ በቀኝ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ሄደች።

የእኔ ወገብ ድኖ አራት ልጅ አዝዬ አሳደግኩ። ይመርን በቅርቡ ስለዚያ አካሄድ ብጠይቀው፣ «የቷ ሐዋ?» አለኝ። ያ ሁሉ ቅናት ለዚህ ነበር።

መንጌ አካባቢ ያላችሁ፣ ሐዋ የት እንዳለች፣ ወገቧስ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።